የቀኙ ስፒከር

አባቴ ነጯን መኪና ከጂዳ በመርከብ ስዌዝ፣ ከስዌዝ ደግሞ እየነዳ መንሱራ ያስገባት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጂዳ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ መመለሱ ነበር። የሰፈሩ ሰው ጎማውንና ቀለሙን እየዞረ ሲያይ እሱ ግን በሩን በርግዶ ቴፑን ያሳያል።

«በኋላ የተገጠመ እንዳይመስልህ» ይላል ለመጣው ሁሉ። «አብሯት የተሠራ ነው። አራት ስፒከር አላት፤ ሁለት ፊት፣ ሁለት ኋላ።»

ቴፑ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ላስቲክ እንኳ አላነሳትም። እናቴ አንድ ቀን ጫፏን በጥፍሯ ስትልጥ አይቷት ሦስት ቀን አኩርፏል። ይህን ስናገር የሚሰሙኝ ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔን ግን አያስቀኝም።

እኔን ቁጭ አድርጎ ልክ እንደ ክፍል ተማሪ አስተምሮኛል። ከድምፅ መጨመሪያው በታች አንዲት ጠባብ መጫኛ አለች። አንዴ ሲጫኗት ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ታመጣለች፤ ሁለቴ ሲጫኗት ቀጭኑን ድምፅ፤ ሦስቴ ሲጫኗት ግራና ቀኙን፤ አራቴ ሲጫኗት ፊትና ኋላውን። የተፈለገው ከመጣ በኋላ ክቡን ይዞ ማዞር ነው፤ ትንሿ አረንጓዴ ስክሪን ቁጥሩን ታሳያለች። ታዲያ አምስት ሰከንድ ከዘገዩ ሁሉም ይጠፋና ክቡ ተመልሶ ድምፅ መጨመሪያ ይሆናል።

እናቴን ሁልጊዜ የሚያሸንፋት ይኸው አምስት ሰከንድ ነበር። ትጫናለች፣ ታስባለች፣ «አሁን የቱ ነው የመጣው?» ትላለች፣ ከዚያ ስታዞረው ድምፁ ብቻ ያንባርቃል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያልፍለት ይጠብቃል። «ረጃ፣ እባክሽ ተይው» ይላታል። «ሁሉም ዜሮ ላይ ነው። ዜሮ ማለት ማንም ከማንም አይበልጥም ማለት ነው።»

«የሚዘፈነው ግን ያው ያንተው ካሴት ነው» ትላለች እናቴ ወደ መስኮቱ ዞራ።

በዚያው በጋ ወደ ራስ አልባር ባሕር ዳርቻ ስንሄድ ነገሩ ተጀመረ። አባቴ የሚወደው ዘፈን አንዱ ብቻ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ መሃል ላይ ማቋረጥ ደግሞ እሱ ዘንድ ነውር ነው። እናቴን ራሷን አሟታል። ጉንጯን መስኮቱ ላይ አስደግፋለች፤ ስፒከሩ ደግሞ እዚያው በሩ ላይ ከክርኗ ሥር ነው።

«ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚጮኸው ሸውቂ።»

«ዜሮ ላይ ነው እኮ።»

ዱምያጥ ስንደርስ አባቴ መኪናዋን አቁሞ ሙሸበክ ሊገዛ ወረደ። ያ የተጠበሰ ጣፋጭ ሳይያዝ ራስ አልባር አይገባም። ቴፑን ግን አላጠፋውም። እኔ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ተሽሎክልኬ ሦስቴ ተጫንኩና ክቡን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ዘጠኝ አዞርኩት። ድምፁ በሙሉ ወደ አባቴ በር ተሰበሰበ፤ የእናቴ ወገን ጸጥ አለ። ዓይኗን ሳትገልጥ «ተመስገን፣ ሞተ እንዴ?» አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። አባቴ ሙሸበኩን ይዞ ሲመለስ ዘፈኑ በሩ ሥር እንደ ድሮው ይጮኻልና ምንም አላስተዋለም። እኔም ጣቴን በሽሮፕ እያጨማለቅሁ በሥራዬ ረክቼ ደረስኩ።

ከሳምንት በኋላ ቤታችን በር ላይ መኪናዋን ሲያጥብ በቀኙ ወንበር ተቀምጦ ሬዲዮ ከፈተ። ጮክ ብሎ ሲጣራ ሰገነት ላይ ተሰማን።

«ረጃ! ቀኙን ገደልሽው!»

እናቴ በሩን እንደ ሚክሮባስ፣ እንደ ሚኒባስ ታክሲ በር እያላተመች ነው የምትዘጋው ብሎ ወሰነ። ሌላ ምክንያት ይኖራል ብሎ አላሰበም። ግራና ቀኙን እስቲ ልየው ብሎ ሦስቴ ቢጫን እኮ በቃ፣ ያልቅ ነበር። ግን በእሱ ቤት ሁሉም ነገር ዜሮ ላይ ነው፤ ዜሮ ላይ ያለን ነገር ደግሞ ማን ያየዋል? ከወጥ ቤት ቢላ አምጥቶ የበሩን ሽፋን ፈለቀቀው። ሦስት የላስቲክ መያዣ ሰበረ። ሽቦውን ጎትቶ አየው፣ ስፒከሩን በጣቱ ነካካው፣ መልሶ ገጠመው። ስፒከሩ ዝም እንዳለ ቀረ፤ በሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጉድጓዱ ይንኳኳ ጀመር።

ለምን አልተናገርኩም? ስለፈራሁ ነው። ደግሞ የዜሮው ጌታ እሱ ነውና ዛሬ ያገኘዋል፣ ነገ ያገኘዋል እያልኩ ስጠብቅ ሁለት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። እናቴ በር ስትዘጋ አባቴ «በር!» ይላል፤ ማሰሮ ስትከድን እንኳ «በር!»። አንድ ቀን ከክፍላቸው ሲነታረኩ ሰማኋቸው።

«ድምፅሽ በዝቷል» አላት አባቴ።

«ስድስት ዓመት ብቻዬን ቤት ስመራ ድምፅ ሳላወጣ ነው እንዴ የመራሁት?»

«አሁን መጥቻለሁ። መሥሪያ ቤቱን ተይው አልኩሽ።»

«እኔም አልተውም አልኩህ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «ድምፅሽ በዝቷል» የሚለውን ብቻ ነው። አሁንም ስለ ቴፑ ነው የሚጣሉት ብዬ በራሴ ተናደድኩ። እናቴ በመሬት ምዝገባ ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ሥራዋን ትታ ቤት እንድትውል የፈለገው እግሩ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ መሆኑን፣ እሷም በመልሷ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተለሳለሰች ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ዓርብ አጎቴ መምዱህ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሠርግ ልንሄድ ከእኛ ጋር መኪናዋ ውስጥ ገባ። ከኋላ ከእኔ ጎን ተቀምጦ ሱፍ እየፈለፈለ ይበላል። መንገዱ የውሃ ቦይ ተከትሎ ይሄዳል፣ በሩ ይንኳኳል፣ ዘፈኑ በግራ በኩል ብቻ ይጮኻል። እናቴ ድምፁን ልትቀንስ እጇን ዘረጋች፤ የነካችው ግን ጠባቧን መጫኛ ነበር። አመነታች፣ አዞረች፣ ድምፁ አንባረቀ። አጎቴ በሳቅ ሞተ።

«ኧረ ረጃ፣ በዚህ እጅሽ ነው የመንግሥት ማኅተም የምትመቺው?»

አባቴ አልሳቀም። መኪናዋን ከቦዩ ዳር አቆማት።

«ፍቺ ይሁንብኝ» አለ። «ከዛሬ ወዲያ ረጃ በእጇ ይህን ቴፕ ከነካች የተፈታች ናት።»

አጎቴ የሱፉን ልጣጭ ከከንፈሩ ሳያነሳ ቀረ። እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም። ከቤታችን ሥር ያለው ቲማቲም ሻጭ በቀን አሥር ጊዜ «ፍቺ ይሁንብኝ፣ ዛሬ የተቀጠፈ ነው» እያለ ይምላል፤ ቲማቲሙ የትናንት እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሚስቱም እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ የበሰበሰውን ትለያለች። ወንዶች ሲናደዱ የሚሉት ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

እኔን ያስጨነቀኝ ቀኙ ስፒከር ነው። እሱ ከተናገረ ጠቡ ያበቃል ብዬ አመንኩ።

በማግስቱ ቀትር ላይ አባቴ ተኝቶ ሳለ የመኪናዋን ቁልፍ ከምስማሩ አውርጄ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። የመኪናዋ ውስጥ እንደ ዳቦ ምድጃ ይፋጃል፤ ወንበሩ ጭኔን ለበለበኝ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ አዞርኩ። ሬዲዮው በግራ ተናገረ። ሦስቴ ተጫንኩ፣ ሳልዘገይ ክቡን ያዝኩ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት እያልኩ ወደ ዜሮ አመጣሁት። የቀኙ በር መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በሙሉ ድምፅ የዜና አንባቢውን ተቀበለው። ደስታዬ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። ማንም እንዳላየኝ ለማረጋገጥ ቀና ስል ሰገነታችን ላይ የተሰጣ አንሶላ ብቻ ይወዛወዝ ነበር።

ያን ቀን ወደ ማታ እንግድነት ልንሄድ መኪናዋ ውስጥ ገባን። አባቴ ሞተሩን አስነሳ፤ ካሴቱ በቀኝም በግራም ዘፈነ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያላየሁትን ፈገግታ በመስታወቱ አየሁት። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። ጠባቧን መጫኛ ራሱ ሦስቴ ተጫነና ቁጥሩን አየ፤ የሞተ ስፒከር በራሱ እንደማይነሳ ገብቶታል።

«ማነው የነካው?»

እኔ ለምስጋናው እየተዘጋጀሁ አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ልቤ ቆሰለ። ሽልማቴን ቀማችኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። እኔ እግሬን እያቃጠልኩ የሠራሁትን፣ አንዲት ቁጥር ማስተካከል የማትችል ሴት ተነስታ የእኔ ነው አለች። አባቴ እሷን አየ፤ ከዚያ በመስታወቱ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ረጃ፣ ድገሚልኝ።»

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ። በእጄ።»

ሞተሩን አጠፋው።

በሦስተኛው ቀን እንግዳ ካልመጣ የማይከፈተው ሳሎን ተከፈተ። አጎቴ መምዱህ መጣ፤ የመስጊዱ ሼህ በዩሚም መጡ። ሼሁ አጭር፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሽማግሌ ናቸው፤ በተቀመጡበት ወርቅማ ወንበር ላይ እግራቸው መሬት በደንብ አይደርስም። እኔ ከርከዴ በትሪ ይዤ ስገባ አጎቴ እየተናገረ ነበር።

«ጥያቄው አንድ ነው ሼህ። ያሚኑ ወድቋል ወይስ አልወደቀም?»

በእኛ ቋንቋ፣ በዐረብኛ፣ ያሚን ማለት ቀኝ ነው፤ ቀኝ እጅ፣ ቀኝ ወገን። ያሚን ማለት መሐላም ነው። ሰው የማለው ነገር ከደረሰ መሐላው ወደቀ፣ ማለትም ጸና ይባላል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ሁለተኛውን ትርጉም ከየት ታመጣዋለች? እኔ የማውቀው አንድ ያሚን ነው፤ እሱም የመኪናችን በር ላይ ያለው ነው።

«ይኼ ደግሞ ሦስተኛው ነው» አለ አጎቴ። «አንዱን ከጂዳ በስልክ፣ አንዱን በሠርጋቸው ዓመት በወጥ ጨው ምሎ፣ ሁለቱም ወድቀውበት ታርቀዋል። ሦስተኛው ከወደቀ መመለሻ የለውም።»

ትሪውን እንደያዝኩ ቆጠርኩ። አራት ስፒከር አለን፤ ሦስቱ ከወደቁ አንድ ቀረን ማለት ነው። ሁለቱ መቼ እንደሞቱ ሳልሰማ መቅረቴ ገረመኝ።

ሼህ በዩሚ ወደ አባቴ ዞሩ። «ኡስታዝ ሸውቂ፣ ስትናገር ሚስትህን ልትፈታ አስበህ ነው ወይስ እንዳትነካ ልታስፈራራ? ማስፈራራት ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ድሃ አብልተህ ወደ ቤትህ ትገባለህ።»

«ሰው ፊት ነው የተናገርኩት።»

«ማን ፊት እንደሆነ አልጠየቅኩህም ልጄ። ልብህን ነው የጠየቅኩህ።»

«ያልኩትን ማለቴ ነው።»

ሼሁ ተነፈሱ። ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺስ እሜቴ? ረስተሽ ነው? እጅሽ አምልጦሽ ነው? ዘፈኑን ልትቀንሺ ስትይ?»

«አውቄ ነው» አለች እናቴ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አነባብራለች።

ዛሬ ሆኜ ሳየው ምስኪኑ ሼህ በር እየከፈቱላቸው፣ ሁለቱም በየተራ እየዘጉባቸው ነበር። ያኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ያዳንኩት ስፒከር ሞተ እየተባለ ይለቀስበታል። አላስቻለኝም።

«አልወደቀም!» አልኩ። «ያሚኑ ደህና ነው! እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፣ በእጄ ነው ያስተካከልኩት፣ እማማ አልነካችውም! ኑና እዩት!»

ሼሁ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ስለ ስፒከሩ ነው የምታወራው» አለች እናቴ ቶሎ ብላ። «እሷ ያሚን ስንል የመኪናው ቀኝ መስሏት ነው። ናጅዋ፣ ብርጭቆዎቹን አንሺና ውጪ።»

አጎቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሼሁ አልሳቁም። አባቴን ያዩት ጀመር።

«ኡስታዝ?»

አባቴ ምንጣፉ ላይ ያለውን አበባ እየተመለከተ ነበር። «ልጅ ናት» አለ።

ብርጭቆዎቹን አነሳሁና ወጣሁ። ከኋላዬ በሩ ሲዘጋ ማንም እንደ ሚክሮባስ በር አልዘጋውም፤ ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው። ያሚኑ ወደቀ ተባለ፤ በወሩ እናቴና እኔ ዱምያጥ አጎቴ ቤት ገባን፤ እሷም ሥራዋን ወደዚያው አዛወረች። መኪናዋ ከአባቴ ጋር ቀረች።

ያሚን ሌላ ትርጉም እንዳለው በአሥራ አራት ዓመቴ በሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ተማርኩ። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ስትጽፈው ያ ሳሎንና የአባቴ መሐላ ትዝ አሉኝ። ቤቴን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ ደግሞ እኔን ከቁጣ ልታድን ስትል ትዳሯን ሰጠች። ይህን ይዤ ኖርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እናቴ ደከመኝ ባለች ቁጥር፣ የሰው ቤት ግድግዳ ሥር ብቻዋን በተቀመጠች ቁጥር በእኔ ጣት እንደሆነ እቆጥረው ነበር። ባሌ ሲያስቀይመኝ እንኳ መናገር እፈራ ነበር፤ አንድ ነገር ነክቼ የሚፈርስ ይመስለኛል።

አባቴ ከመሞቱ በፊት፣ ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነገርኩት። «ባባ፣ ያን ቴፕ የነካሁት እኔ ነኝ።»

ዓይኑን እንኳ ሰፋ አላደረገውም። «አውቃለሁ» አለኝ። «እናትሽ ዜሮን አግኝታው አታውቅም። ካንቺ ሌላ ያስተማርኩት ሰው አልነበረኝም።»

«ካወቅህ ታዲያ ለሼሁ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔ ነኝ አለች። እኔ ነኝ ያለችን ሴት ውሸታም ልበላት?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ውሃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አልተነጋገርንም፤ ሞተ።

ባለፈው ሰኔ እናቴን ወደ ራስ አልባር ይዣት ሄድኩ። ሰባ ዓመቷ ነው። የእኔ መኪና ትልቅ ስክሪን አላት፤ ድምፁ ያለበትን ቦታ የምታሳይ ነጥብ በወንበሮቹ ሥዕል መሃል ትቆማለች። ሙሸበክ ገዝተን ከዱምያጥ ስንወጣ ጥያቄው ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«እማማ፣ ያኔ እኔ ነኝ ያልሽው እኔን ለማዳን ነበር አይደል?»

ጣቷን ስትልስ ቆየች። «አንቺን ከምን?»

«ከባባ ቁጣ።»

«አባትሽ አንድ ቀን በጥፊ መትቶሽ ያውቃል?»

አያውቅም። ይህን እንኳ አስቤው አላውቅም።

«ልብስ ሳሰጣ ቁልፉን ይዘሽ ስትወርጂ ከሰገነት አየሁሽ» አለች። «ምን ልታደርጊ እንደሆነ ገብቶኛል። ልጠራሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አንሶላውን ያዝኩና ከኋላው ቆምኩ።»

«ለምን?»

«እኔማ አባትሽ ከማለበት ሰዓት ጀምሮ ልነካው ስመኝ ነው ያደርኩት። ብነካው ግን ይጮህብኛል፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ ረጃ በእልህ ቤቷን አፈረሰች ይባላል። አንቺ ከነካሽው ግን ለእኔ የሚቀረኝ «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። አንቺ ሳሎን ገብተሽ ስትጮሂ ነው የደነገጥኩት። በአንዲት ቃል ወደ እሱ ልትመልሺኝ ነበር።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ወረደ፤ ቀለለኝ ብል ግን ውሸት ነው። ተናደድኩ። ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም መለያየት ፈልገው አንዳቸውም አፋቸውን ሞልተው ማለት ስላቃታቸው የፍቺ ወረቀታቸውን በእኔ ጣት ፈረሙ። መሪውን ጨብጬ ይዤ መጮኽ ፈለግሁ።

«በአሥራ አራት ዓመቴ ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር» አልኩ በመጨረሻ።

«የገባሽ አልመሰለኝም። ያሚን ያልሽው ስፒከሩን ነበር እኮ» አለችና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ይቺ ነጥብ ምንድናት?»

«ድምፁ ያለበት ቦታ ናት።»

ሽሮፕ በነካው ጣቷ ነጥቧን ያዘችና ወደ ራሷ ወንበር ጎተተቻት። እስከ መጨረሻው ወሰደቻት። ነጥቧ እዚያው ቀረች፤ ይህኛው ከአምስት ሰከንድ በኋላ አይመለስም። የእኔ በኩል ጸጥ አለ።

«እማማ፣ ዜሮ ላይ መልሺው» አልኳት።

«ዜሮ የአባትሽ ነበር» አለችና ጉንጯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዘፈኑን ታዳምጥ ጀመር።

እኔም እጄን ከመሪው ሳላነሳ ነዳሁ።